ፍሬን አንሠራም፤ ወደ ሐዋሳ የተጓዝኩባቸው ቀናት

ከሐዋሳ ከተመለስኩ ወር ሊሞላኝ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ሐይቁ እንዴት ነው? ዓሣውስ?» እያለ ይጠይቀኛል። እውነቱን ለመናገር ሐይቁን ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዴ ጦጣ ሳባርር፣ አንዴ ደግሞ ተናድጄ ለሰው ሁሉ ጀርባዬን ስሰጥ። ለመዝናናት አልነበረም የሄድኩት። ሆኖም ከሚጠይቁኝ ብዙዎቹ ወደዚያ የመሄድ ዕድል ያላቸው አይመስለኝም፤ ወሬው ደግሞ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ከወዲሁ መልኩን ቀይሯል። ስለዚህ የሆነውን ሁሉ በየቀኑ ላስቀምጠው።

ታደለ እባላለሁ። ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ ትንሽ ጋራዥ አለችኝ። በሯ ላይ ዓመት ሙሉ አንድ ካርቶን ተሰቅሎ ከርሟል፤ በራሴ እጅ «ፍሬን አንሠራም» ብዬ የጻፍኩበት። ደንበኞቼ «ዳቦ የማይሸጥ ዳቦ ቤት» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ሞተር እፈታለሁ፣ ካምቢዮ አወርዳለሁ፤ ፍሬን ግን ከአንዲት መኪና በስተቀር የማንንም አልነካም።

ያቺ መኪና የዳዊት ናት። ዳዊት የእህቴ ባል፣ የልጅነት ጓደኛዬና የመኪና ተወዳዳሪ ነው። የሚወዳደርባት መኪና ተራ የቤት መኪና ናት፤ የኋላ ወንበሯ ተነቅሎ፣ ብትገለበጥ ሹፌሩን የሚያድን የብረት ጎጆ ውስጧ ተበይዶ፣ ሞተሯ ተስተካክሎ ትሮጣለች። በአገራችን በዚህ ሥራ እንጀራ የሚበላ የለምና፣ ዳዊት ከሰኞ እስከ ዓርብ የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ አስተማሪ ነው። ሳምንቱን ሙሉ «ቀስ በል፣ ስፖኪዮህን እይ» ሲል ይውልና እሑድ እሱ ራሱ የሚያደርገውን እግዜር ነው የሚያውቀው።

አምና ሐዋሳ ላይ በተደረገው ውድድር፣ ሦስተኛው ኩርባ ላይ፣ የዳዊት መኪና ከአስፋልቱ ወጥታ ባንዲራ ይዞ የቆመ ማቴዎስ የሚባል ወጣት ገጨች። የልጁ እግር ሁለት ቦታ ተሰበረ። ዳዊት «ፍሬኑ አልያዘልኝም» አለ። የውድድሩ ኮሚቴም በወረቀት ሁለት ነገር ጻፈ፦ የመኪናዋ ፍሬን ተበላሽቶ ነበር፤ ባንዲራ ያዡም ከተመደበበት ቦታ አልፎ ቆሞ ነበር። ያንን ፍሬን የሠራሁት እኔ ነኝ። በዋዜማው ከፍሬኑ ዘይት ውስጥ አየር አስወጥቼ ነበር፤ አየሩን ያስወጣሁባትን ትንሽ ብሎን መልሼ ማጥበቄን ግን ላስታውስ አልቻልኩም። የመኪናዋ ፊት እንዳልነበረ ስለሆነ ፈትሼ ማረጋገጥም አልቻልኩም። ካርቶኑን የሰቀልኩት በዚያው ሳምንት ነው።

ዘንድሮ ዳዊት «ሐዋሳ ካልሄድኩ ውድድሩን ለሁልጊዜ አቆማለሁ፤ ከሄድኩም አንተ ካልሠራሃት አልነዳም» አለኝ። እምቢ ማለት አቃተኝ።

ሐሙስ

ከደብረ ብርሃን የወጣነው ወፍ ሲንጫጫ ነው። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ እኔም ካፖርቴን ደርቤያለሁ። ማሠልጠኛው ባዋሰን የጭነት መኪና ላይ አሥራ ሰባት ቁጥሯን መኪና ጭነን በአራት ገመድ አስረናታል። የሚነዳው ዳዊት ነው። እኔ ሥራዬ መጨነቅ ነው። ሸኖ ላይ አስቁሜ ገመዱን ነካሁ፤ አለልቱ ላይ አስቁሜ ነካሁ፤ ሰንዳፋ ላይም እንደዚያው።

«ታዴ፣ በቃ ገመዱን አግባው» አለኝ። «ሚስትህ ትንሽ ትቀናለች እንጂ ትስማማላችሁ።»

«አንተ መንገድህን እይ።»

አዲስ አበባን በቀለበት መንገድ አልፈን፣ ሞጆ ላይ ቁርስ ቀመስንና ወደ ደቡብ ታጠፍን። ዳዊት መንገድ ሲረዝም ወሬ ይወዳል፤ የጥንቱን አነሳ። መጀመሪያ የተወዳደረው በአጎቱ ታክሲ ነው። አጎቱ ለቅሶ ሄደው ሳለ ወስዶ ተወዳደረባት፤ የመጨረሻ ወጥቶ፣ በሯን አጣሞ መለሳት። አጎቱ ዓመት ሙሉ አላናገሩትም። ከዚያ ከቁራሌው አፍ የተረፈች አንዲት መኪና ገዝቶ እኔ ጋ በገመድ እያስጎተተ አመጣት። ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ዓመት እሱ ይነዳል፣ እኔ እፈታለሁ እገጥማለሁ። ዋንጫዎቹ እህቴ ቤት ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተደርድረዋል፤ ሁሉም የሁለተኛና የሦስተኛ ናቸው። የዓመቱ አሸናፊ ሆኖ አያውቅም። አምና ሐዋሳ ላይ ሁለተኛ ቢወጣ ኖሮ ይሆን ነበር። እዚህ ላይ ሲደርስ ወሬውን አቆመ፤ እኔም አላስቀጠልኩትም።

መቂ ልንደርስ ስንል መኪናዋን የሸፈንንበት ሸራ ተገንጥሎ በረረና ከኋላችን ይመጣ የነበረ የአህያ ጋሪ ላይ አረፈ። አህያዋ በጨዋ ደንብ ቆመች፤ ባለጋሪው ግን ከሸራው ሥር ሆኖ ይጮኻል። ሮጠን ገለጥንለት። ይሰድበናል ብዬ አንገቴን ስደፋ፣ ሰውየው እየሳቀ ከጭነቱ ላይ ሁለት እፍኝ ቲማቲም አንስቶ ኪሴ ውስጥ ከተተልኝ። «ደንግጣችኋል፣ ብሉበት» አለን። እኛ አገር ቢሆን መጀመሪያ ትራፊክ ይጠራ ነበር። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። አራቱን ገመድ አሥር ጊዜ አይቻለሁ፤ የሸራውን አምስተኛ ገመድ ግን አንድም ጊዜ አላየሁትም። ያኔም እንዲህ አንድ ነገር አልፎኝ ይሆናል አልኩ በልቤ።

ባቱ ላይ ዓሣ በላን፤ እኛ ጋ በግ በየመንገዱ እንደሚታየው እዚያ ዓሣ ይታያል። ሻሸመኔ ላይ ባጃጅ መንገዱን ሞልቶት ቆመን ቆየን። ከቀትር በኋላ በጥቁር ውሃ በኩል ሐዋሳ ገባን። ከተማዋ ሜዳ ናት፤ መንገዶቿ ሰፋፊና ቀጥ ያሉ፣ ዛፍ የበዛባቸው። ሰው ሁሉ በከነቴራ ይሄዳል፤ በካፖርት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ያረፍነው እንደ አምናው ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ የወይዘሮ ዘምዘም ፔንሲዮን ነው። ወይዘሮ ዘምዘም የስልጤ ነጋዴ ቤተሰብ ናቸው፤ ፊት ለፊት ሱቅ፣ ከጓሮ አልጋ ያከራያሉ።

«ዘንድሮም ካፖርት? ሱብሃነላህ!» አሉኝ ገና ስወርድ። «ያምጡት ልስቀልልዎት። እዚህ አገር ካፖርት የሚለብስ ወባ የያዘው ሰው ነው።»

ቆጮ በአይብ አቀረቡልን። እየበላን ሳለ፣ «አንድ ሽማግሌ ትናንትም ዛሬም መጥተው ጠይቀውዎታል» አሉኝ። «አምና የተጎዳው ልጅ አባት ናቸው።»

«ሹፌሩን ነው የጠየቁት?» አልኳቸው።

«የለም። መካኒኩን ነው ያሉኝ።»

ዳዊት ቀና ሳይል መብላቱን ቀጠለ።

የፈራሁበትን ምክንያት ላስረዳ። እኛ አገር በዳዩ ሽማግሌ ይልካል፤ ተበዳዩ ቤቱ ተቀምጦ ይጠብቃል። የተበዳይ አባት ራሱ ተነስቶ ከመጣ ለደግ አይደለም። እኛ ደግሞ ሆስፒታል አንድ ጊዜ ሄደን ከመጠየቅ በቀር ሽማግሌ አልላክንም። እኔ እንላክ ባልኩ ቁጥር ዳዊት «ትንሽ ይብረድላቸው» ይለኝ ነበር። ሲበርድ ሲበርድ ዓመት ሞላው።

ዓርብ

ጠዋት በመስኮት ሳይ፣ በሩ ላይ የፕላስቲክ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ሽማግሌ፣ በእጃቸው ከዘራ። በጓሮ በር ወጣሁ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም፤ የዶሮ ቤት ዘልዬ ነው የወጣሁት። ለልጆቼ አልነገርኳቸውም።

ባህል አዳራሽ አካባቢ ሜዳ ላይ የመኪኖች ፍተሻ ነበር። መርማሪው የኛን ፍሬን አይቶ «ጥሩ ነው» አለ።

«እባክህ ድገመው» አልኩት።

«አየሁት እኮ ወንድሜ። ሌላው እንዳይደገምበት ይለምናል፣ አንተ ድገሙኝ ትላለህ?»

ደገመው። ያው ነው። አንድ ልማድ አለኝ፤ ብሎን አጥብቄ ስጨርስ በሚስቴ ቀይ የጥፍር ቀለም ራሱ ላይ አንድ ነጥብ አደርጋለሁ። ነጥብ ያለበት ጠብቋል፣ የሌለበት አልጠበቀም ማለት ነው። ይህን የጀመርኩት ከአምናው ወዲህ ነው። ቀደም ብዬ ጀምሬው ቢሆን ኖሮ ዓመት ሙሉ ባልተሰቃየሁ ነበር።

ለምሳ ሐይቁ ዳር ሄድን። የዕቃ ሳጥኔን ከዓይኔ አላርቅምና ይዤው ነበር፤ ቀና ስል አንዲት ጦጣ ክዳኑን ከፍታ የጥፍር ቀለሜን ይዛ ዛፍ ላይ ናት። ድንጋይ አነሳሁ፣ ለመንኳት፣ ሙዝ አሳየኋት። ሙዙንም ወሰደች፣ ቀለሙንም አልመለሰችም። ሰው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ልቤ ደነገጠ፤ የኋላ ጎማ ብሎኖች ገና ነጥብ አላገኙም ነበር።

ስንመለስ ሽማግሌው እዚያው ወንበር ላይ ናቸው። ወይዘሮ ዘምዘም ሻይ አቅርበውላቸዋል። ዳዊት የጫማው ማሰሪያ የተፈታ መስሎ ወደኋላ ቀረ። እኔ ማምለጫ አልነበረኝም፤ ዝቅ ብዬ እጅ ነሳሁ።

«እኔ ሌዳሞ እባላለሁ፤ የማቴዎስ አባት» አሉኝ። አማርኛቸው ረጋ ያለ ነው። «ጠዋት የዶሮ ቤት ስትዘል አየሁህ። እግርህ ደህና ነው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ይቅርታ አባቴ… አፍሬ ነው። ሽማግሌ ሳንልክ…»

«እናንተ ሽማግሌ እንላክ ትላላችሁ። እኛ ደግሞ ሰው ራሱ መጥቶ ይናገራል፣ ራሱ ይሰማል። ዓመት ሙሉ ጠበቅናችሁ።» ሻያቸውን ፉት አሉ። «ያ ወረቀት ሁለት ሰው ጥፋተኛ አደረገ። አንዱ ልጄ፣ አንዱ አንተ። ልጄ ቦታዬ ላይ ነበርኩ ይላል። ያንተስ እጅ ምን ይላል?»

«አላውቅም አባቴ» አልኳቸው። «እውነቴን ነው፤ አላውቅም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ነገ ከሰዓት ሁለታችሁም ቤቴ ኑ። ፊቼ እየደረሰ ነው። የእኛ የሲዳማዎች አዲስ ዓመት ነው፤ ያልተሰማ ነገር ይዞ በዓሉ ወደሚከበርበት ሜዳ፣ ወደ ጉዱማሌ፣ መውጣት ነውር ነው።»

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ወይዘሮ ዘምዘም የአውራ ጣት የምታህል ጠርሙስ አመጡልኝ፤ ሐምራዊ የጥፍር ቀለም። «የልጄ ነው። የጦጣዋን ነገር ሰማሁ፤ ከተማው ሁሉ ሰምቷል» አሉኝ። የፊት ጎማ ብሎኖች ቀይ፣ የኋላዎቹ ሐምራዊ ሆኑ።

ቅዳሜ

ጠዋት ልምምድ ነበር። የከተማው አስፋልት በከፊል ተዘግቶ፣ ዳሩ በጎማና በገመድ ታጥሯል። ሦስተኛው ኩርባ ወደ ጉዱማሌ በሚወስደው በኩል ነው። እኔ እዚያ ሄጄ ቆምኩ። ሌሎቹ መኪኖች ኩርባው ላይ ሲደርሱ ጎማቸው እየጮኸ ያልፋሉ። አሥራ ሰባት ቁጥር ግን ገና ከሩቁ ፍሬን ይዛ እንደ ሙሽራ እያዘገመች ታጠፈች። ዳዊት ያስመዘገበው ሰዓት ከመጨረሻ ሁለተኛው ነው።

«ፍሬኑ ያስፈራሃል?» አልኩት ሲወርድ።

«ፍሬኑ ደህና ነው።»

«ታዲያ?»

«ደህና ነው አልኩህ እኮ!» ጮኸብኝ። በአሥራ አራት ዓመት ጮኾብኝ አያውቅም። ፍሬኔን አላመነውም ብዬ አሰብኩ፤ ያን ቀን ከዚያ የከፋ ነገር ያለ አልመሰለኝም ነበር።

ከሰዓት አቶ ሌዳሞ ቤት ሄድን። ቤቱ የከተማው ዳር ነው፤ ከጓሮው እንሰት፣ ከፊቱ ትልቅ ዛፍ። የኛ አገር ግቢ የድንጋይ አጥር ነው የሚቀድመው፤ እዚያ ጥላ ነው የሚቀድመው። ከዛፉ ሥር አምስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ማቴዎስ ሊቀበለን ተነሳ። ግራ እግሩን ይጎትታል። ሳየው ዓይኔን የማሳርፍበት ጠፋኝ፤ እሱ ግን እጄን ይዞ ከአጠገቡ አስቀመጠኝ።

አቶ ሌዳሞ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው «አፊኒ?» አሉ።

«ሰምታችኋል? ማለት ነው» አለኝ ማቴዎስ በጆሮዬ። «ነገር ሁሉ እንዲህ ነው የሚጀመረው። የሚናገረውን ሰው ማንም አያቋርጠውም።»

መጀመሪያ እኔ ተናገርኩ። የዋዜማውን ሥራ፣ ትንሿን ብሎን፣ ማጥበቄን አለማስታወሴን፣ ካርቶኑን፣ ሁሉንም አልኩ። «የልጃችሁን እግር የሰበረው እጄ ሳይሆን አይቀርም» ብዬ ጨረስኩ። ማቴዎስ ቀጠለ፦ ከፊት አንድ መኪና ቆማ ነበር፤ «ቀስ በሉ፣ አትቅደሙ» የሚለውን ቢጫ ባንዲራ አውለበለብኩ፤ ከቦታዬ አንድ እርምጃ አልወጣሁም። «ከዚያ ወዲህ የሚያውቀኝ ሁሉ 'ቦታህን ሳታውቅ ቆመህ' ይለኛል» አለ። «እግሬስ ድኗል። ይሄ ነው ያልዳነልኝ።»

ዳዊት ተራው ሲደርስ «ፍሬኑ አልያዘልኝም፤ እግዚአብሔር ያውቃል፣ አዝናለሁ» ብሎ ባጭሩ አቆመ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። እስከዚያ ድረስ ከዘራቸው ላይ አገጫቸውን አሳርፈው ያዳምጡ ነበር። «አንድ ነገር ልጠይቅ» አሉ። «ስትረግጠው ፔዳሉ ወለል ነካ ወይስ ጠጠረ?»

አየር የገባበት ፍሬን ወለል ይነካል። ብሎኗ ላልታ ከሆነ ወለል ይነካል። ደህና ፍሬን ይጠጥራል። ማንኛውም መካኒክ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፤ እኔ ግን መልሱን ፈርቼ ዓመት ሙሉ አልጠየቅሁትም።

ዳዊት ማቴዎስን አየ። እኔን አየኝና ፊቱን መለሰ። ማንም አላጣደፈውም። አቶ ሌዳሞ በሲዳምኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ «እውነት ሰውን አትረሳም ነው የሚሉት» አለ ማቴዎስ።

«አልረገጥኩትም» አለ ዳዊት።

«ምን?» አልኩ። ማቋረጥ ክልክል መሆኑን ረሳሁት።

«ፍሬኑን አልረገጥኩትም። ባንዲራውን አየሁት። ቢጫውን አየሁት። ፊት ያለው ሲቀንስ፣ አሁን ነው የምቀድመው አልኩ። ሁለተኛ ልወጣ… የቆመችዋን መኪና ሳያት መሪ ጠመዘዝኩ።» እንባው በጉንጩ ወረደ። «ማቴዎስ ቦታው ላይ ነበር። ፍሬኑም ደህና ነበር። ታዴ፣ ፍሬኑ ደህና ነበር።»

መጀመሪያ የመጣብኝ ደስታ ነው፤ አፍሬ ነው የምናገረው። ከደረቴ ላይ ወፍጮ የተነሳ ያህል ነበር። ሁለተኛ የመጣብኝ ደግሞ ሰውየውን አንቆ የመያዝ ሐሳብ ነው። ዓመት ሙሉ እንቅልፍ አጥቻለሁ። የምኖርበትን ሥራ በገዛ እጄ ዘግቻለሁ። እሱ ደግሞ እሑድ እሑድ እህቴ ቤት አብሮኝ እየበላ ያየኝ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ብዙ አልተነጋገሩም። ዳዊት የተናገረውን ነገ ከውድድሩ በፊት፣ በማቴዎስ ፊት፣ ለኮሚቴው ይደግማል፤ ሌላ ምንም አንፈልግም አሉ። ከዚያ ከእንሰት በቅቤ የሚሠራው ቡርሳሜ ቀረበ። ሁላችንም ከአንድ ዕቃ እንድንበላ ነው። እኔ እጄን አልሰደድኩም።

«ብላ ልጄ» አሉኝ አቶ ሌዳሞ። «እሱን ይቅር በል አላልኩህም። ብላ ነው ያልኩህ።»

አንድ ጉርሻ በላሁ። ከዚያ በባጃጅ ሐይቁ ዳር ወርጄ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ለሰው ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። አባ ኮዳ የሚሉት አንድ ትልቅ ወፍ አጠገቤ ቆሞ እንደኔው አኩርፎ ውኃውን ያይ ነበር።

እሑድ

በማግስቱ ኮሚቴው ድንኳን ውስጥ ማቴዎስን ጨምሮ ሦስታችንም ቆምን። ዳዊት የተናገረውን ደገመ። የኮሚቴው ሰብሳቢ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ይህን የምትናገረው ምን ዋጋ እንደሚያስከፍልህ አውቀህ ነው?» አሉት።

«አውቃለሁ።»

የውድድር ፈቃዱን ተቀበሉት። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ በኋላ ይወሰናል ተባለ፤ ግን ዕድሜው አርባ ስድስት ነው፣ ሁላችንም ገብቶናል። አሥራ ሰባት ቁጥር ከጭነት መኪናው ላይ ሳትወርድ ቀረች። ሰብሳቢው ማቴዎስን አምና የተጻፈው ስህተት ነው፣ እናርመዋለን፣ ምን እናድርግልህ ቢሉት፣ «ባንዲራዬን ስጡኝ» አለ። «ሦስተኛው ኩርባ ላይ።»

ዳዊትና እኔ ከገመዱ ጀርባ ከተመልካቹ ጋር ቆመን አየን። ማቴዎስ እግሩን እየጎተተ ሄዶ ቦታው ላይ ቆመ። ውድድሩ ተጀመረ። ለተወሰኑ ዙሮች ደህና ነበር። ከዚያ ሁለት መኪኖች ተነካኩና አንዷ ዞራ መንገዱን ዘግታ ቆመች። ማቴዎስ ቢጫውን አነሳ። ከኋላ አንዲት ነጭ መኪና በሙሉ ፍጥነት እየመጣች ነበር። ገመዱን ጨበጥኩ። ልጁ ግን አልሸሸም፤ ባንዲራውን ያወዛውዛል።

ነጯ መኪና ፍሬን ያዘች፣ ቀነሰች፣ ረጋ ብላ በጎን አለፈች። ከማቴዎስ ጋር የነበራት ርቀት አንድ አውቶቡስ ያቆም ነበር።

ዳዊት ገመዱ ላይ ጎንበስ አለ። «ይሄን ያህል ጊዜ ነበረኝ» አለ። «ታዴ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ነበረኝ እኮ።»



ሰኞ

ወይዘሮ ዘምዘም ካፖርቴን አጥፈው አመጡልኝ፤ ኪሱ ውስጥ ሐምራዊዋን ጠርሙስ ከተው። አቶ ሌዳሞ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ በማቴዎስ ልከዋል። ማቴዎስ የጭነት መኪናችንን በር እየዘጋልኝ «እስከ ፊቼ ብትቆዩ ጉዱማሌን ታዩ ነበር» አለ። ዳዊትንም እጁን ጨብጦ ተሰናበተው።

መቂ ስንደርስ እኔው ጀመርኩ። «ለምን?» አልኩት።

«መጀመሪያ ለኮሚቴው ብቻ ነበር የዋሸሁት» አለ። «ለጊዜው ነው ብዬ። ዞር ስል አንተ አመንከኝ። ከዚያ በኋላ መውጫው ጠፋኝ።»

«ዓመት ሙሉ ያንን ካርቶን እያየህ በበሬ ታልፍ ነበር።»

«በበርህ አላልፍም ነበር» አለ። «በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ነበር የምዞረው።»

አሰብኩት፤ እውነቱን ነው። ዓመት ሙሉ በበሬ ሲያልፍ አላየሁትም። «ይቅር አላልኩህም» አልኩት። «አውቃለሁ» አለ። ሞጆ ላይ ራሱ መኪናውን አቁሞ ወረደ። ምን ሆነህ ብለው፣ «ገመዱን እስካሁን አላየህም እኮ» ብሎኝ አንድ በአንድ፣ የሸራውን አምስተኛ ጭምር፣ እየጎተተ አየ።

ደብረ ብርሃን ስንገባ ብርዱ ተቀበለን። ካፖርቴን ለበስኩ። ዳዊት ያን ቀን ማታ ሁሉንም ለእህቴ እንደነገራት በኋላ ሰማሁ። ዋንጫዎቹን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ያነሳችው እሷ ትሁን እሱ አልጠየቅሁም።

ጉዞው እዚህ ላይ አለቀ ብዬ ነበር። ግን ከሳምንት በኋላ፣ ካርቶኑ አሁንም በሬ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ ተማሪ የሚያሠለጥኑባት መኪና በፊት ለፊት መንገድ መጥታ ጋራዤ በር ላይ ቆመች። ዳዊት ወረደ። ካርቶኑን አነበበው፤ ቀስ ብሎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያየው ሁሉ።

«ፍሬኗ አላማረኝም» አለ። «ልጆች ናቸው የሚነዷት። እይልኝ።»

«ስትረግጠው ፔዳሉ ወለል ይነካል ወይስ ይጠጥራል?» አልኩት።

«ወለል ይነካል» አለ። ዓይኑን አልሰበረም።

ካርቶኑን ከበሩ ላይ ገነጠልኩት፣ መሬት ላይ አነጠፍኩት፣ እሱ ላይ በጀርባዬ ተኛሁና ከመኪናዋ ሥር ገባሁ።